ከመምህሯ ጋር የዋሉት ሰዓታት

ኔልባ ኢሪጋራይ ከትንሿ የጉዊቾን ከተማ የደረሰችው በጠዋቱ አውቶቡስ ነው። መንግሥት ለየከተማው የሕፃናት ማቆያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይቀጥራል፤ ባለሙያው ሥራውን በአግባቡ መሥራቱን እየዞረች የምታየው ደግሞ እሷ ናት። በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ዛሬ ያመጣት የአንዳንድ ሕፃናት ወላጆች የጻፉት ደብዳቤ ነው። ላውታሮ የሚባል የሦስት ዓመት ልጅ ሌሎቹን እየነከሰ አስቸግሯል፣ ባለሙያዋም ምንም አላደረገችለትም ይላል።

ባለሙያዋ ሲልቫና ሠላሳ ያልሞላት፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መዝገቡን አቀረበችላት። ኔልባ ገጾቹን አገላብጣ መነጽሯን አወለቀች።

«ከመጋቢት ወዲህ ልጁን ለብቻው ያየሽው አንዴ ነው።»

«አዎ።»

«የቀረውን ሰዓት የት አደረግሽው?»

«ከመምህሯ ጋር ነበርኩ። ከማሪኤላ ጋር።»

«የኔ ልጅ፣ የተቀጠርሽው ለሕፃናቱ እኮ ነው።»

«ይገባኛል። ግን እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምመጣው። አብራው የምትውለው እሷ ናት። እሷ ካቃታት የኔ መምጣት ምን ይረባዋል?»

ኔልባ እንዲህ ያለ ንግግር ከሰነፎችም አፍ ሰምታ ታውቃለች። «እስቲ ክፍሉን ልየው» አለች።

ኔልባ ጥግ ላይ በሕፃን ወንበር ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ብዙም ሳይቆይ ላውታሮ በመጫወቻ መኪና ተጣልቶ የሚላግሮስን ክንድ ነከሰ። ልጅቷ ጮኸች። ማሪኤላ፣ ሃምሳ የሞላት ግዙፍ ሴት፣ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ሁለቱንም ወደ ራሷ ሳበች።

«አመመሽ፣ አይደል? አይዞሽ። ላውቲ፣ መኪናዋን ፈልገህ ነበር። ስትናደድ ጥራኝ ብዬህ አልነበር?»

ልጁ ፊቱን ሽርጧ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። ቆይቶ መኪናዋን ለሚላግሮስ ዘረጋላት። እሷ ግን እንቢ አለች፣ ጀርባዋን ሰጠችው።

ቀትር ላይ ሕፃናቱ ተኙ። ማሪኤላ ማቴ የሚባለውን ትኩስ የቅጠል ሻይ ቀድታ ለኔልባ አቀበለቻት።

«ወላጆቹ አልዋሹም» አለች። «ይነክሳል። በፊት በቀን ሦስት አራቴ ነበር፣ አሁን በሳምንት አንዴ።»

«ባለሙያዋ ምን አደረገችልሽ?»

ማሪኤላ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «መጋቢት ላይ ልጁን ጠልቼው ነበር። ሕፃን እኮ ነው። ሲቀር ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አውጥቼ በሩን ዘጋሁበት። ይህንን ለባሌ እንኳን አልተናገርኩም፤ ለሲልቫና ነገርኳት። አልደነገጠችም፣ አልገሠጸችኝም። ከዚያ ከመንከሱ በፊት ምን እንደሚያደርግ አብረን መከታተል ጀመርን። ለካ መጀመሪያ እኔን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ፊቴን አዞርበት ነበር።» ድጋሚ ወደ በሩ አየችና «እንዳይጽፉት አደራ» አለች።

«አልጽፈውም።»

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ኔልባ ስለ ሲልቫና ሥራ ሞልታ የምትልከውን ቅጽ አወጣች። «የታዩ ሕፃናት ብዛት» የሚል አንድ ሣጥን አለ። በክፍሉ ያሉት ሃያ ሁለት ናቸው፤ ሃያ ሁለት ብትል ማንም አይጠይቃትም። እስክሪብቶዋን ይዛ ብዙ መንገድ ተጓዘች። በመጨረሻ አንድ ብላ ጻፈች። የማሪኤላን ምስጢር ሳታነሳ፣ ያ ሁሉ ሰዓት ምን እንደሠራ የሚገልጽ አንድ ገጽ በእጇ ጽፋ አያያዘችበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃዋ ኦስቫልዶ ከዋና ከተማው ከሞንቴቪዴዎ ደወለ።

«ከቁጥሩ ጋር ድርሰት ልከሽልኛል።»

«አነበብከው?»

«አነበብኩት። በጀት የሚያጸድቁት ግን የሚያዩት ሠንጠረዡን ነው። የባለሙያዋን የሥራ ሰዓት ጭራሽ ሊሰርዙት ነበር፤ ተከራክሬ ግማሹን አተረፍኩልሽ።»

ኔልባ ነገሩን፣ የጻፈችውን ቁጥር ጭምር፣ ለሲልቫና ራሷ ደውላ ነገረቻት።

«ሃያ ሁለት ብለው ቢጽፉትስ ኖሮ?» አለች ሲልቫና።

«ሰዓቱ አይነካም ነበር» አለች ኔልባ። ልትሸፋፍንላት አልፈለገችም።

ከዚያ ወዲህ ሲልቫና የምትመጣው ማክሰኞ ብቻ ሆነ። ሲልቫና በቀረችበት በዓርቡ ቀን ሕፃናቱ ሲተኙ ማሪኤላ ሌሎቹን መምህራን ትሰበስባለች፤ በሳምንቱ ማንን ምን እንዳስመረረው ያወራሉ። ላውታሮ እስከ ኅዳር ሁለቴ ነከሰ፤ ያመለከቱት ወላጆች ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። ኔልባም በየሄደችበት መዝገቡን ከመክፈቷ በፊት መምህሯን ታነጋግራለች። ቅጹ አልተለወጠም።