ለገነቴ የተላከ ሽማግሌ

የቲቶ ወንድም ከደቡብ አፍሪካ ደውሎ ቁርጡን ተናገረ። ለቲቶና ለጓደኞቹ በካርዱ የሚከፍልላቸው ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ተኩሱን ወይ ተረቱን ይምረጡ።

ተኩሱ በኢንተርኔት ከማያውቁት ሰው ጋር በማዳመጫ እየተጯጯኹ የሚታኮሱበት ነው። ተረቱ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገቡበታል፣ የሚሆነውን በስክሪኑ ላይ የሚንከባለል ዳይስ፣ ባለ ነጥቡ የዕጣ ጠጠር፣ ይወስናል። እዚያ ድምፅ የለም፤ ሁሉም በጽሑፍ ነው። ተራኪው ቲቶ ነበር፤ ሆሳዕና ከተማ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ሞባይል የሚጠግን፣ ካፉ ማር ጠብ የሚል ልጅ።

ለምርጫው ከመስቀል በኋላ ቲቶ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። አሳምነውና ዘርአብሩክ ተኩሱን አሉ። አክሊሉ አንገቱን ደፍቶ ተረቱን አለ። አምስተኛዋ ሶስና መድኃኒት ቤት ሥራ ላይ ስለምትሆን ሁልጊዜም የምትገኘው በጽሑፍ ብቻ ነው። ቲቶ ስልኩን ጎርጎር ሲያደርግ ቆየ፤ ወዲያው የሶስና ድምፅ በጽሑፍ መጣ፤ ተረቱ ይሁን ትላለች። ሁለት ለሁለት ሆነ። ቲቶ ተኩስ ሲያይ ለሃጩ የሚዝረበረብ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን የአክሊሉን ትከሻ መታ አድርጎ ድምፁን ለተረቱ ሰጠ። አሳምነው ሳል ያዘኝ ብሎ ወጣ። አክሊሉ እንዲህ ያለ ጓደኛ ስለሰጠው አምላኩን አመሰገነ። የዋህ ሰው ሲያመሰግን ማየት ራሱ ያበሳጫል።

አክሊሉ ማዘጋጃ ቤት የቦታ ካርታ ይሥላል። ሴት ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። በተረቱ ውስጥ ግን ቸኮል የሚባል የማር ነጋዴ ነው፤ ወንዝ ይሻገራል፣ ሽፍታ ይመክታል፣ ሶስና የምትጫወታትን ገነቴን ያሥቃል። ገነቴ መጀመሪያ ዝምተኛ ነበረች። ከመስቀል ወዲህ ግን ቃሏ ጣፈጠ። ለብቻው ትጽፍለት ጀመር፤ ምን እንደበላ ትጠይቀዋለች፣ እንደ እሱ ያለ ወንድ አላየሁም ትለዋለች። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችው። መድኃኒት ቤት ስትመጣ እንዳታናግረኝ፣ አባቴ ጋ ወሬ የሚያደርስ አይጠፋም አለችው።

እሱም ጠበቀ። ራሱን ሳያመው የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ ይሄዳል። ሶስና ቀና ብላ ሳታየው ክኒኑን ትሰጠዋለች፣ መልሱን ትቆጥርለታለች፣ ወደ ቀጣዩ ሰው ትዞራለች። አክሊሉ በጨዋነቷ እየተደነቀ ይወጣል። ትራሱ ሥር ያልተነካ ክኒን ተከምሯል።

ከዚያ በተረቱ ውስጥ ቸኮል ለገነቴ ሽማግሌ ላከ። ዳይሱ ተንከባለለ፤ የገነቴ አባት እሺ አሉ። ገነቴም ጻፈች፤ «አባቴ እሺ ካለ እኔ ከድሮም እሺ ነኝ። ይኼ ግን ጨዋታ ሆኖ አይቅር።»

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ልጅቷን ቡና ጋብዞ ዓይኗን ያይ ነበር። አክሊሉ ግን በወግ ያደገ ነው፤ ልጅቷ ቃል ከሰጠች የቀረው የሽማግሌ ሥራ ነው። ለእናቱ ነገራቸው። ወይዘሮ እህተማርያም ልጅቷ ጴንጤ መሆኗን ሲሰሙ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። አንድ ልጃቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአፉ የወጣ ምኞት ሰምተው አያውቁም። ሰንበትበት ብለው፣ አንተ ከወደድካት እኔም ልጄ ናት አሉት። ሽማግሌዎቹ የምሥራች ይዘው ሲመለሱ የሚቆረስ ድፎ ዳቦም ደፉ።

አጎቱ ጋሽ ወልደ ሰንበት አንድ ጎረቤት አስከትለው ወደ ሶስና አባት ወደ አቶ ሎምቤቦ ቤት ሄዱ። አክሊሉ እናቱ ጎን ተቀምጦ ጠበቀ። ሽማግሌዎቹ የተመለሱት ግን ዳቦው እንኳ ሳይበርድ ነው።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተናገሩ። ቆመን ጉዳያችንን ነገርን፣ ልጆቹ ተስማምተዋል፣ ልጅዎ ቃሏን ሰጥታለች አልን። ሰውየው ፊታቸው ጠቆረ። ልጃቸውን ጠርተው መጀመሪያ በሃዲይኛ ገሠጿት፣ ቀጥለው እኛ እንድንሰማ በአማርኛ ጠየቋት። ልጅቷ አለቀሰች፤ አባቷ ፊት ስሟ ጠፍቷላ። አክሊሉ የሚባል ክኒን የሚገዛ ሰው አለ፣ ከዚያ ሌላ አላውቀውም አለች።

«ያን ጨዋታም ከመስቀል ወዲህ ከፍቼው አላውቅም፣ አካውንቴን ለቲቶ ሰጥቼዋለሁ አለች» አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት። «እኔ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። አንተ ይገባሃል?»

አክሊሉ ገባው። አንድ በአንድ ገባው፤ ጣፋጩ ቃል፣ ማስጠንቀቂያው፣ የአሳምነው ሳል። እናቱ ፊቱን አይተው ዳቦውን ሸፈኑት።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ ሆሳዕና በሳምንቱ ወሬውን ተቀባበለችው። ባጃጅ ነጂዎች አክሊሉን ሲያዩ ራስ ምታቱ እንዴት ነው ይሉታል። ሶስናን አባቷ ሥራ አስትተው ሆመቾ ከተማ ያለች አክስቷ ጋ ላኳት። ቀልዱ ስላለቀ ቲቶም ወንድሙን ለምኖ ክፍያውን ወደ ተኩሱ አዞረ።

አክሊሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ገባ። ሦስቱም ማዳመጫ አጥልቀው ይታኮሳሉ። ሲያዩት ሊደበድበን መጣ ብለው ብድግ አሉ። እሱ ግን የሁልጊዜ ቦታው ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቶቹ መካከል ከተተ።

«ገነቴስ?» አለ።

ቲቶ ጓደኞቹን ዞር ብሎ አያቸው። «ወንዝ ወሰዳት። ትናንት ጽፌ ዘጋሁት።»

አክሊሉ ራሱን ነቀነቀ። «ስትሞት ስለ ቸኮል ምን አለች?»

ዘርአብሩክ ማዳመጫውን አውልቆ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ቲቶ ወራት ሙሉ የፍቅር ቃል ከሆዱ እያወጣ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። አንድ ተጨማሪ ቃል ቢጥልለት ምንም አይጎድልበትም ነበር።

«ምንም» አለ። «ምንም አላለችም።» ማዳመጫውንም መልሶ አጠለቀ።