ከጀፎሮ የታጨደ ቄጠማ

ትርሲት የተረፈን ደጅ የረገጠችው ወዳ አይደለም። በመስቀል ጎረቤት ጠርቷት መቅረት ነውር ስለሆነባት ነው። እንጂ የሰውዬውን ዓይን ማየት ካስጠላት ከራርሟል።

ጠባቸው በጉድጓዱ ነው። ከእምድብር ወጣ ብላ ባለችው መንደራቸው፣ ከላይ ካለው ትምህርት ቤት የሚወጣው የመጸዳጃ ፍሳሽ ድሮ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ትርሲት ከምትቀዳበት ምንጭ ነበር። ልጇ አደይ አምና በዚያ ውሃ ታማ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ኋላ ከጀፎሮው፣ መንደሩ በጋራ ከሚጠብቀው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ጥግ ላይ በትርሲት ውትወታ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ጠጠር ተሞላ፣ ቄጠማ ተተከለበት። ፍሳሹ በጠጠሩና በቄጠማው ሥር መሀል ቀስ እያለ ሲያልፍ ቆሻሻውን እዚያው ትቶ ጠርቶ ይወጣል። ተረፈ ግን አልዋጥልህ አለው። "አባቶቻችን ለማንም ያልቆረሱት ጀፎሮ የሽንት ቤት ማፍሰሻ ሆነ። ሽታው መንደሩን ሊፈጀው ነው" እያለ አሳደመባት። ይደፈን አይደፈን የሚለውን ሽማግሌ በማግስቱ ተቀምጦ ሊወስን ነው።

እና ገብታ ስትቀመጥ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ አየች። እንዲህ ያለ ረጅም ቄጠማ ከዚያ ጉድጓድ በቀር በአካባቢው የለም። ጠዋት ስታልፍ ግማሹን ተበልቶ አግኝታው ከብት የገባበት መስሏት ነበር። ለካስ ከብቱ ሌላ ነው። ሰውዬው ወንዝ መውረድ ሰንፎ፣ ማን ያውቅብኛል ብሎ ነው። ደሟ ፈላ።

የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሽ አምሀ ክትፎአቸውን በኮባ ይዘው፣ "ተረፈ፣ እንዴት ያለ ለምለም ቄጠማ ነው። ከየት አገኘኸው?" አሉ።

"ከወንዝ ዳር ነው፣ ጋሼ።"

"ዓይንህን በጨው ታጥበህ ትዋሻለህ?" አለች ትርሲት። "ጋሽ አምሀ፣ ይሸታል ይደፈን ከሚለው ጉድጓድ ነው ያጨደው።"

ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች እግራቸውን ሰበሰቡ። ተረፈ "ልጆቹ ናቸው እኮ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ጋሽ አምሀ አንድ ዘለላ አንስተው አሸተቱ።

"ከማዕዳችን ሥር ያልሸተተ ሜዳ ላይ ነው የሚሸተው?" አሉ። "ነገ የምንቀመጥበት ጉዳይ የለም። ጉድጓዱ ይቆያል።"

ትርሲት ክትፎውን ሳትነካ ተነሣች። ተረፈ እስከ በሩ ተከትሏት ወጣ።

"በበዓል ቀን፣ በእንግዳ ፊት አዋረድሽኝ" አላት ጥርሱን ነክሶ። "ስሞት እንኳ እንዳትቀብሪኝ።"

"አንተንም አልቀብርም፣ ልጄንም አልቀብርም" አለችውና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።