አሳንሰሩ

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ወደ እህትየው ግራ ጆሮ ተጠግታ ስትንሾካሾክ ቆየች።

«አልቅሺ እንጂ! የታመቀ እንባ ይገድላል። ደግሞስ ሰው ምን ይላል? የገዛ ወንድምሽ እኮ ነው።»

እህትየው ዓይኗን ከግድግዳው አልነቀለችም። ልብስ ሰፊዋ ሐዘኑ አደንዝዟታል ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የእህትየው ግራ ጆሮ አይሰማም። የደፈነው ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ የሚያለቅስለት ሟች ነው።

ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ምድር ቤት ያለችው የወንድሟ ክፍል ከበር እስከ መስኮት በሰው ታጭቃለች። የሚገባው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። አንዷ የጋዝ ሲሊንደሯን አራተኛ ፎቅ ድረስ እንዴት ያወጣላት እንደነበር ትናገራለች። ሌላው አልጋ ላይ የዋለ አባቱን እያገላበጠ እንዳጠበለት ይናገራል። የሕንፃው አሳንሰር ከተበላሸ ዐሥር ዓመት አልፎታል፤ ሲሚንቶ ጫኙ ወንድሟ ግን ቀኑን ሙሉ ኩንታል ሲሸከም ውሎ፣ ማታ ደግሞ የጎረቤቱን ሸክም ይሸከም ነበር። ‹አሳንሰሩ› ያሉት ለዚህ ነው። ባለፈው ሰኞ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች።

«ቅዱስ ሰው ነበር» አለ አንዱ።

እህትየው ጥርሷ ተፋጨ። እሷ የምታውቀው የድሮ ስሙን ነው፤ ቡጢ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በዚህችው ክፍል ውስጥ፣ እናታቸው ታመው ተኝተዋል። እሱ እንደ ልማዱ ጠጥቶ በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ። «ዝም በል፣ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው» አለችው። አንድ ጥፊ ነው የመታት። ጆሮዋ ሦስት ቀን ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። ያኔ የመሥሪያ ቤቷ ስልክ ተቀባይ ነበረች። ስልኩን በደህናው ጆሮዋ ስትይዝ ፊቷ የቆመውን ባለጉዳይ አትሰማም፤ ደጋግማ «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» ስትል ወደ መዝገብ ቤት አወረዷት፤ እስከ ዛሬ የምትውለው አቧራ ከጠጣ ፋይል ጋር ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷም አልረሳችም። እሱ ስድስት ወር ጠፍቶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ፣ መጠጥ እርግፍ አድርጎ ትቶ ሲመለስ እናታቸው ሞተው ቆዩት። እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱ ምድር ቤት፤ ቃል ሳይለዋወጡ በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ኖሩ።

ከሰዓት በኋላ ሟቹ አባል የነበረበት የጸሎት ማኅበር መሪ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህታችን፣ ዛሬ ሐዘኑን ከማብቃታችን በፊት አንዲት ቃል ብቻ ከአንቺ እንፈልጋለን። ‹ይቅር ብዬዋለሁ› በይን። እሱም ይረፍ፣ አንቺም ይቅለልሽ።»

«ምኑን ነው ይቅር የምለው?»

መምህሩ ሰዎቹን አዩ፤ ሰዎቹም መሬት አዩ።

«የጆሮሽን ነገር ነዋ።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እሱ ነው በማኅበሩ የነገረን። መጠጥ ያቆመበትን ቀን በየዓመቱ ሲመሰክር፣ ‹በዚህ እጄ የእህቴን ጆሮ አጥፍቻለሁ› ሳይል ተቀምጦ አያውቅም።»

እህትየው ብድግ አለች።

«ጉድ እኮ ነው! ሁላችሁም ታውቃላችሁ! ለእናንተ ነገራችሁ፤ ለእግዚአብሔርም መቼም ነግሮታል። የጠፋው የማን ጆሮ ነው? የእናንተ ነው? የአገሩን ሁሉ ጋዝ ተሸክሞ በደጄ ሲመላለስ፣ አንዲት ‹በድዬሻለሁ› ከበደችው? ይቅር አላልኩም! ሰምታችኋል? አላልኩም!»

መምህሩ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ሙት አይወቀስም...»

«ተዉአት!»

የተናገሩት አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት አዋላጅ ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ዛሬ አራት ወንዶች በወንበር ይዘዋቸው ሲወርዱ ሦስት ጊዜ ሊጥሏቸው ነበር።

«እኔ ራሴ ጠይቄዋለሁ» አሉ። «አስታራቂ ልላክልህ አልኩት። ‹አይሆንም እማማ› አለኝ። ‹አስታራቂ ከገባ ሰው ይከባትና ሳትወድ ይቅር ታሰኟታላችሁ። አንዴ በጉልበቴ በድያታለሁ፤ ደግሜ በሰው ጉልበት አልበድላትም።›»

መምህሩ ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱ።

«ታዲያ ለምን ብቻውን አልመጣም?» አለች እህትየው።

«ፈርቶሽ ነዋ! ፈሪ ነበር፤ እኔ አልሸፍንለትም። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሚጠጣበት ሰዓት ነበረች። ያኔ ሮጦ ይመጣና ‹እማማ፣ ሸክም ይስጡኝ፤ እጄ ባዶ ከሆነ ብርጭቆ ይፈልጋል› ይለኛል። በጀርባው አዝሎ ያወርደኝና ግቢው ውስጥ አየር አስቀብሎኝ ይመልሰኛል። ‹ጌታ እግር አጠበ፤ እኔ የማውቀው መሸከም ነው› ይል ነበር። ሸክም አልፈራም። አንቺን ነው የፈራው።»

አዋላጇ ደክሟቸው ወደ ቤታቸው እንዲመልሷቸው ጠየቁ። አራቱ ወንዶች እየተጎተቱ ተነሡ።

«ተቀመጡ!» አለች እህትየው። ከንዴቷ የተነሣ ምን እያደረገች እንደሆነ ራሷም አታውቅም። አሮጊቷ ፊት ቁጢጥ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። «እማማ፣ አንገቴን ይያዙ።»

አዋላጇ ከስተው አጥንት ብቻ ቀርተዋል፤ ቢሆንም የሰው አጥንት ይከብዳል። አንደኛ ፎቅ ላይ ቆም ስትል፣ «እሱም እዚህ ያርፋል» አሏት። ሁለተኛው ላይም፣ «እዚህ ያርፋል፤ ጫማውንም ያወልቃል» አሏት። ሦስተኛው ላይ፣ የገዛ በሯ ፊት፣ እንደገና ቆመች።

«እዚህስ?»

«እዚህ አያርፍም። በካልሲው፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያልፈው። አራተኛው ላይ ስንደርስ ልቡ ሊፈነዳ ይደርሳል። አንድ ቀን ‹እዚሁ ትንሽ እረፍ› ስለው፣ ‹ስተነፍስ ትሰማኛለች፤ በቀረላት ጆሮዋ› አለኝ።»

እህትየው አዋላጇን ደረጃው ላይ አስቀመጠቻቸው። ቤቷን ከፍታ ወንበር አወጣችና ወንበሩ ላይ አመቻቸቻቸው። ከዚያ ወደ ባዶው ደረጃ ዞራ ጮኸች፤ ምድር ቤት ያሉት ሁሉ ሰሟት።

«እዚህ ማረፍ ትችል ነበር! አንተ ፈሪ! ማን ከለከለህ? ማረፍ ትችል ነበር እኮ!»

ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ያለው እንባ ያኔ መጣ። አዋላጇ አላባበሏትም፤ ትከሻዋን ብቻ ያዙ። ሲወጣላት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ እንደገና ተሸከመቻቸው።

አዋላጇን ቤታቸው አድርሳ ስትመለስ ወንበሩ እዚያው በሯ ላይ ነበር። ልታስገባው መደገፊያውን ያዘች። ትንሽ አሰበችና ተወችው። ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረችውና ገባች።