ካሤ የጀመራት መኪና

«ምን ልታደርጋት ነው?»

ሊገዛት የመጣው ሐይደር ወደ መኪናዋ ጠጋ አለ። ወይዘሮ ይታየሽ ሸራውን ከመኪናዋ ላይ ገፈው፣ ድሮ በቅሎ ይታሰርበት በነበረው ጋጥ በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። «ልጠግናት» ሊል ነበር፤ ግን የተጠየቀው ይህ እንዳልሆነ ገባው። አሥራ አንድ ዓመት ቱርክ ተምሮና ሠርቶ ሰቆጣ ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው። አባቱ ሱቅ ውስጥ ጥቂት ቆሞ ሰለቸው፤ አዲስ አበባም ሄዶ ወር ሳይሞላው ተመለሰ። አንድ ነገር ከፍጻሜ ካደረሰ እዚህ መኖር የሚችል መስሎታል። ይህም ካልሆነለት ተመልሶ ይሄዳል፤ ሐሳቡን ግን ለማንም አልነገረም።

ቀይ ፊያት ናት፤ አናቷ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በዕድሜ እሱን የምትበልጥ። ኮምቦልቻ ከአንድ ጓሮ አግኝቶ በአይሱዙ አስጭኖ ያመጣት ካሤ ነበር፤ የወይዘሮ ይታየሽ አንድ ልጅ፣ መካኒክ። ብሎን በብሎን ፈታታት። እያንዳንዱን በቲማቲም ጣሳ ከትቶ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈበት፦ «የግራ በር»፣ «ካምቢዮ»፣ «ተጠንቀቅ፣ ይሰበራል»። ከዚያ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ በጆንያ ጠቅልሎ ፊቱን በማሽን ሊያስልጠው ደሴ ወረደ። በዚያው ሳምንት ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። ካሤ አልተመለሰም፤ ይኸው አራት ዓመት ሞላው።

ዋጋው ትናንት ተቆርጧል። ዛሬ የቀረው ፊርማና እማኝ ነው። እማኙ፣ ጎረቤታቸው አቶ ይግዛው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መኪናዋን ዞረው አዩዋት።

«ሁለት ወንበር ብቻ? አማትህን የት ልታስቀምጣቸው ነው?»

«ገና አላገባሁም፣ አባባ።»

«ይችን ይዘህማ ማን ይድርሃል! ፃግብጂ ሳትደርስ ሆዷ ተልጦ ያልቅ የለ።»

ወይዘሮ ይታየሽ ሳቁ። ሐይደር ሲስቁ ሲያያቸው የመጀመሪያው ነበር።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ውሉን ተቀበሉ። ሐይደር ከስልኩ ላይ ያገኘውን ቅጽ ተከትሎ የጻፈው ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ሻጭ፦ የአቶ ካሤ ወራሽ፣ ወይዘሮ ይታየሽ...»

አቋረጡ። ወረቀቱን ዝቅ አደረጉት።

«ማን አረዳት?»

«አባባ፣ ቅጹ እንዲያ ስለሚል...»

«ማን አረዳት ነው የምልህ! መርዶ በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ። አንተ የሰላሕ ልጅ በወረቀት ታረዳለህ? እኔን ደግሞ እማኝ ታደርገኛለህ?»

የደረሰበት ላልታወቀ ሰው እዚህ አይለቀስም። ልብሱ ለሰው አይሰጥም፤ ንብረቱም ውርስ አይባልም። ወይዘሮ ይታየሽ ለመሸጥ የተስማሙት ልጃቸው ሲመለስ ብሩ እንዲቆየው ነበር። ሐይደር ይህን ሁሉ በልጅነቱ ያውቀው ነበር። አሁን ማወቁ ከመጻፉ በኋላ መጣ።

አቶ ይግዛው ወይዘሮ ይታየሽን በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አሏቸው። ሐይደር ግማሹን ብቻ ሰማ፤ «ተዪው፣ ግቢ» የሚለውን። እሳቸው ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ሞቷል ብለህ ነው፣ ልጄ?»

በተማረባቸው ቋንቋዎች ሁሉ ለእሳቸው የሚሆን ቃል ፈለገ።

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ጠይቀው።»

አንድ አሃዝ ሳይስቱ የካሤን ስልክ ቁጥር በቃላቸው ነገሩት። ሐይደር አቶ ይግዛውን ተመለከተ፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ስልኩን አውጥቶ የሚሉትን ጻፈ።

«ካሤ፣ መኪናህን ሰው ፈልጓታል። ልሽጣት ወይስ ትመጣለህ? እናትህ።»

ጣቱ ከማያው በላይ ቆየ። መላኩ ማታለል መሰለው፤ አለመላኩ ደግሞ ዳግም ማርዳት ነው። ላከው።

«ደረሰው?»

«ልኬዋለሁ።»

«በል ቁጭ በል። ሥራ ላይ ከሆነ ይቆያል።»

ሐይደር ውሉን ከሽማግሌው ተቀብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና የጋጡ ደፍ ላይ ከወይዘሮ ይታየሽ ጋር ተቀመጠ። ስልኩን ማያውን ወደ ላይ አድርጎ መካከላቸው አኖረው። አቶ ይግዛው ሊሄዱ ጥቂት ተራምደው ነበር፤ ተመልሰው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሦስቱም ስልኩን ያዩ ጀመር። መልስ በዚያ ቀን አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።