የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ

ላቦራቶሪ ውስጥ «ሚዛን» ነው የሚሉኝ። ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ሹፈት ነው። ሥራዬ ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ፣ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውስጡ እንደቀረ መለካት ነው።

ያን ቀን ጠዋት የመጣው ሲሪንጅ የአጎቴ ነበር። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመጀመሪያ ነጭ ጋዋኔን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እኛው ሆስፒታል አልጋ ከያዙ አራተኛ ቀናቸው ነበር። በዋዜማው ሕመማቸውን ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር።

«ልብ ቀኝና ግራ አላት፣ ጋሼ። ቀኙ ደሙን ወደ ሳንባ ይልካል። ደሙ እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ኦክስጅን ይጭናል። ከዚያ ግራው ተቀብሎ ለሰውነት ያከፋፍላል። የእርስዎ ግራው ስለደከመ ሳንባዎ ውሃ ቋጠረ።»

«አንዱ ያመጣል፣ ሌላው አያደርስም?»

«እንደዚያ በሉት።»

«የእኔ ሱቅ ሠራተኞች ናቸዋ! አንዱ ቆርጦ ይከምራል፣ ሌላው ቁልፍ ሳይተክል ያሳድራል።» ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ሳል ሆነ።

በነጋታው ጠዋት ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በቀዝቃዛ ጣታቸው አላነብ ስላለ፣ ሲስተር ከእጅ አንጓቸው ደም ቀዳች። ሲሪንጁን ስታቀብለኝ «ችኮላ ላይ ነበርኩ፤ አረፋ ካለው መልሰው፣ እንደገና እቀዳለሁ» አለችኝ። «ሲወጉ ግን አንጀቴን በሉት» ብላ ሄደች።

ደሙ እንዳይረጋ ሲሪንጁን በሁለት መዳፌ መሃል አንከባለልኩት። የእጄ ልማድ ነው። ወደ ብርሃኑ ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደሙ ጠቆር ብሏል፤ ኦክስጅን የጠገበ ደም ደማቅ ቀይ ነው። ከላዩ የምስር ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ አለች። በማንከባለሌ ከአረፋዋ ኦክስጅን ወደ ደሙ ገብቷል። እንዲህ ያለ ናሙና ይጣላል እንጂ አይለካም።

እንደገና መውጋት ሊኖርባቸው ነው። አሳዘኑኝ። አረፋዋን ገፍቼ አስወጣሁና ለካሁ። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ወጣ። የደሙ ቀለምና ቁጥሩ አይስማሙም። በነጥብ ሁለት ልዩነት ሰው የማነታርክ እኔ፣ ፈርሜ ላክሁት።

እኩለ ቀን ላይ ልጠይቃቸው ወጣሁ። ውጤቴን አይተው የሚሰጣቸውን ኦክስጅን ቀንሰውታል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትከሻቸው በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ውጤትህ... ጥሩ ነው... አሉኝ» አሉ፣ በየቃሉ እያረፉ። «እኔ ነኝ... መተንፈስ ያቃተኝ።»

ሮጬ ዶክተሩን ጠራሁት። አንድ ጊዜ አይቷቸው ኦክስጅኑን ከፍ አደረገና ወደ ሲስተር ዞረ። «የጠዋቱን ናሙና ማን ነው የቀዳው?»

«እኔ ነኝ» አለች ክው ብላ። «ምናልባት አረፋ...»

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ሲሪንጁ ተጥሏል።

«አረፋውን አይቻለሁ» አልኩ። «መልሰው ብላኝ ነበር። አስወጥቼው ለካሁ።»

ሲስተር አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ሲሪንጅ ይዛ መጣች፤ እንደገና ቀድታ ቀና አደረገችና አረፋውን ወዲያው አስወጣች። ያን ያህል ኦክስጅን እየሰጠናቸው እንኳ ቁጥሩ ከጠዋቱ በብዙ አነሰ።

ወደ ማታ ከንፈራቸው ቀላ ማለት ሲጀምር አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አዝነህልኝ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ያን ጋዋን ስለካልህ ስንቴ በስፒል ወጋሁህ? አዝኜ ብተወው እጅጌው ተጣሞ ይቀር ነበር።» በተወጋው እጃቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። አንጓቸው ላይ ሁለት ጥጥ ተለጥፏል።

ወደ ላቦራቶሪ ወርጄ መዝገቡን ገለጥኩ። የጠዋቱን ውጤት ሰርዤ ከጎኑ «አረፋ ነበረው» ብዬ ጻፍኩ። ልዘጋው ስል ተውኩት። «እያየሁ ለካሁት» የሚል ጨምሬ ፈረምኩ።