ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለችው ራግና

ቶርዲስ የጎማ ጓንቷን በጥርሷ ጎትታ አወለቀችና ሊታተም የተዘጋጀውን የመጽሐፍ ረቂቅ ከሥራ ባልደረባዋ ከጉና እጅ ነጠቀች።

«የቱ ጋ ነው?»

«ገጽ አርባ አንድ። ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ቆመሽ ከሆነ ትወድቂያለሽ» አለች ጉና፣ ሳቋን ማፈን አቅቷት።

ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ራግና (ለደኅንነቷ ሲባል ስሟ ተቀይሯል) ሰባት መቶ ሰው በሚኖርባት የምሥራቅ አይስላንድ መንደር በዓሣ ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ናት። ባሏ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብድቧታል።»

በመንደሩ ያለው የዓሣ ፋብሪካ አንድ ነው። ሴት የፈረቃ አለቃም አንዲት ናት፤ እሷም ይኸው ቅርፊት የተለጠፈበት ሽርጧን እንዳገለደመች ቆማለች። ይህስ ይሁን። ራግና የምትባል ሴትም በመንደሩ አንዲት ብቻ ናት፦ የቶርዲስ የቀድሞ ባል እናት፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት ባልቴት፣ ልጇ ላይ ዝንብ እንዲያርፍ የማትፈቅድ።

«አማቴን አደረጉኝ እኮ!» አለች ቶርዲስ። «ራግና በባሏ ተደበደበች ተብሎ ሊታተም ነው!»

«የራግና ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድመት እንኳ ገፍትሮ አያውቅም ነበር» አለች ጉና።

ቶርዲስ ዩኒቨርሲቲ ደወለች። ተመራማሪዋ ሂልዱር ከሁለት ዓመት በፊት መጥታ፣ ሦስት ቀን ወጥ ቤቷ ተቀምጣ ታሪኳን በድምፅ ቀድታለች። ያኔ ቶርዲስ አራት ገጽ ቅጽ ሳታነብ ፈርማለች።

«ሂልዱር፣ ራግና ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ! ቆንጆ ስም አይደለም?»

«የቀድሞ አማቴ ስም ነው።»

«ወይኔ!»

«ወይኔ በይ! አሁን የራሴን ስም አስገቢ።»

«የሥነ ምግባር ኮሚቴው አይፈቅድም። ለደኅንነትሽ ነው።»

«የተደበደበች ሴት ትደውልልኝ ብዬ ስሜንና ስልኬን የመዋኛው መጸዳጃ በር ላይ ከለጠፍኩ ዘጠኝ ዓመቴ! የቀድሞ ባሌ እንደሆነ ቤቴን ያውቀዋል፣ ጣራውን የመታው ራሱ ነው። ከማን ነው የምትደብቂኝ?»

«ማመልከት ይቻላል። ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል።»

«መጽሐፉስ?»

«ዛሬ አሥር ሰዓት ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ቶርዲስ ዓይኗን ጨፈነች። በዘጠኝ ዓመት አሥራ አራት ሴቶች ደውለውላታል። የደወሉት በሩ ላይ ስም ስላዩ ነው፤ ስሟ ለተደበቀ ሴት ማን ይደውላል? ከባሏ የሸሸች ሴት የምታድርበትን ክፍል ከወረዳው ጋር ተጨቃጭቃ ያስከፈተችው እሷ ናት። ስለዚህ ሁሉ ሥራ መጽሐፉ ምን ይላል ብላ ገለጠች። «ራግና ሌሎች ሴቶችንም ትረዳለች።» አለቀ።

«ዘጠኝ ገጽ ዱላ፣ አንድ መስመር ሥራ!» ጮኸች። «ጥናቱ ስለ ተሟጋቾች ነው አላልሽኝም? ሌሎቹን ሴቶች ማን አገኘልሽ?»

«አንቺ።»

«'ለምን ቶሎ አልወጣሽም' የሚለውን ጥያቄ ማን አሰረዘሽ?»

«አንቺ» አለች ሂልዱር፣ ድምፅዋ እያነሰ።

«የአጥኚ ስም ይቀየራል?»

«አይቀየርም።»

«እንግዲያው ከአጥኚዎቹ ጋር ጻፊኝ።»

ሂልዱር ተስማማች። «ይገባሻል፣ እኔም ያኔውኑ ማሰብ ነበረብኝ። ግን አጥኚ ከሆንሽ ተሳታፊ መሆን አትችዪም። ስለ አንቺ የተጻፈው ዘጠኝ ገጽ ይሰረዛል። ቶርዲስ፣ ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው።»

የእረፍት ማብቂያ ደወል ጮኸ። ቶርዲስ ገጾቹን አየች። የተሰበረው የጎን አጥንቷ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተደበቀችው ልጇ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ያን ለማውራት ሃያ ዓመት ፈጅቶባታል። ጉና በትከሻዋ ላይ አሻግራ ስታነብ ቆይታ አሁን መሳቋን ትታለች።

«ሰርዢው» አለች ቶርዲስ። «ስለ ሥራው ራሴ ጽፌ እልክልሻለሁ።»

«እስከ አሥር ሰዓት?»

«ዓሣ ከዚህ በላይ ያቻኩላል።»

ስልኩን ዘጋችና ፈረቃውን እንድትይዝላት ለጉና ነገረቻት። ጉና እስክሪብቶ አቀበለቻት።

«ከየት ትጀምሪያለሽ?»

«መጀመሪያ ከደወለችልኝ ሴት።»

«ከነስሟ?»

ቶርዲስ እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ሴትዮዋን ልትጠይቃት ስልኳን አነሳች።