መሰላሉ ያጠረበት ጠዋት

«ሴቢዮል» የተባለችው የብረት ማዕድን ጫኝ መርከብ ግዋንግያንግ ወደብ በደረሰች ጠዋት፣ በቦርሳዬ ሁለት ነገር ይዤ ወጣሁባት፤ አንዱ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የአየር ግፊት መለኪያ፣ ሁለተኛው በራሴ ፊርማ የወጣ ደብዳቤ ነበር። እኔ የወደቡ የአየር ጠባይ ሹም ነኝ። ሥራዬ በየስድስት ሰዓቱ የባሕሩን አየር ለክተው የሚልኩልንን መርከቦች መጎብኘት፣ መሣሪያቸውን ማስተካከል፣ መኮንኖቻቸውንም ማስተማር ነው። በባሕሩ መካከል ከእነርሱ ሌላ ዓይን የለንምና፣ አንድ የሐሰት ቁጥር ትንበያውን ያስታል።

ደብዳቤው የሁለተኛውን መኮንን የታክ ቹንዎንን ንባቦች ከመዝገብ የሚሰርዝ ነበር። ወደ አውስትራሊያ ሲሄድ የላካቸው ቁጥሮች በአቅራቢያው ካሉት መርከቦች ጋር ይስማማሉ፤ ሲመለስ የላካቸው ግን ዘወትር በአንድ ነጥብ ከፍ ይላሉ። መሣሪያው ቢበላሽ ኖሮ በሄደበትም በመጣበትም በሳተ ነበር። ስለዚህ ሰውየው በመመለሻው እየሰነፈ ከልቡ አፍልቆ ይጽፋል ብዬ ደመደምሁ። እርሱን አልጠየቅሁትም።

ካፒቴን ፕዮ በመሪው ክፍል የገብስ ሻይ ይዘው ጠበቁኝ። የደብዳቤው ቅጂ ከሳምንት በፊት ደርሷቸዋል።

«የታክን የዓመት ግምገማ ጽፌ ጨርሻለሁ» አሉ። «በቁጥር የሚዋሽ ሰው ዋና መኮንን አይሆንም። መርከቤን ለእሱ ትቼ እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ?»

ታክ ደብተሮቹን ታቅፎ አጠገባቸው ቆሟል፤ ወደ እኔ ተመለከተ። «መምህር ባንግ፣ ሳላይ የጻፍኩት አንድም ቀን የለም። እርስዎ ጨምር ያሉኝን አምስት ጨምሬ ነው የላክሁት።»

መለኪያው ላይ በእጄ የጻፍኋት ወረቀት እንደ ተለጠፈች ናት፤ «አምስት ጨምር» ትላለች። የአየር ግፊት ከባሕሩ ወለል ከፍ በተባለ መጠን ስለሚቀንስ፣ ጉድለቱ ተጨምሮበት ይላካል።

«የተያዘ ሁሉ እንዲህ ይላል» አልሁት።

ታክ አንገቱን ደፋ። ካፒቴኑ ወሬውን ለማስቀየር ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ግን ምን በልተው ነው? ባለፈው መሰላላችንን ሲወጡ ሁለቴ ቁጭ ብለው ‹ሬሳዬን ለሚስቴ አድርሱልኝ› ሲሉ አልነበር? ዛሬ እንደ ጎረምሳ ዘለው መጡ!»

«ዛሬማ መሰላሉ አጭር ነው» አልሁ፤ ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣም ደነገጥሁ።

ባለፈው የመጣሁት ማዕድኑ ተራግፎ ባለቀበት ቀን ነበር። የመሪውን ክፍል ከፍታ ለክቼ አምስት ያልሁት፣ መርከቢቱ ባዶዋን ከውኃው በላይ ተነሥታ ሳለች ነው። ዛሬ ሙሉ ጭነቷን ተሸክማ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዳለች። ስትሄድ ባዶዋን፣ ስትመለስ ተጭና። ዘጠኝ ሜትር ከግፊቱ አንድ ነጥብ ያህል ነውና፣ ታክ ሲመለስ ሊጨምር የሚገባው አራት ነበር።

ያመጣሁትን መለኪያ አውጥቼ ከመርከቢቱ ጋር አመሳከርሁ፤ እኩል ናቸው። ወደቡ ያን ጠዋት በባሕሩ ወለል ከለካው ግን በአራት ያንሳሉ። ከዚያም ለሁለቱም ነገርኋቸው።

ካፒቴኑ «እንግዲያ መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር ብለው ይጻፉ» አሉ። «መሣሪያ እንደሆነ አያፍር፣ ደመወዝ አይቆረጥበት!»

አፈርሁ፤ ያፈርሁትም ሐሳቡ ደስ ስላሰኘኝ ነው። እንዲያ ብጽፍ ታክ ነጻ ይወጣል። ሆኖም በዚያው መንገድ ያስተካከልኋቸው ሌሎች አሥራ አንድ መርከቦች ስሕተቴን ተሸክመው ይዞራሉ፤ መኮንኖቻቸውም አንድ ቀን ታክ በቆመበት ይቆማሉ።

ደብዳቤውን ገልብጬ በጀርባው ጻፍሁ፤ «ታክ ቹንዎን የላካቸው ንባቦች በሙሉ በታማኝነት የተነበቡ ናቸው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።» የአሥራ አንዱን መርከቦች ስም ዘርዝሬ ፈረምሁ። ካፒቴኑ አነበቡትና ግምገማቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ቀደዱት።

ታክን ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅር ብያለሁ አላለኝም።

«ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ጭነን እንደምንመለስ እነግርዎት ነበር» አለ።

አሮጌዋን ወረቀት ልጬ አዲስ ለጠፍሁ፤ ለባዶ አምስት፣ ለጭነት አራት። የጠዋቱ ንባብ ሰዓት ደርሶ ነበርና ታክ ወደ መለኪያው ቀረበ። አነበበ፤ አራት ጨመረ፤ ጻፈ። ከዚያም ደብተሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ።